የውሃ ኤሊዬ ዘጠኝ ቀን አልበላችም፤ በሕይወት ያለ ዓሣና ትል ልስጣት?

ኮምቦልቻ_01፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ጀማዓ። ጥያቄው ስለ ውሃ ኤሊ ነው። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ ከውጭ የምትመጣው ዓይነት ናት። የጀርባ ቅርፊቷ በማስመሪያ ሲለካ 12 ሳንቲ ሜትር። ቤቷ 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው፤ ግማሹ ውሃ፣ ጥግ ላይ መውጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ። እስካሁን ምግቧ የተከተፈ ቀይ የበሬ ሥጋ፣ አንዳንዴም ሰላጣ ነበር። ከኅዳር መግቢያ ወዲህ ሥጋውን ጠጋ ብላ ታየውና ትታው ትሄዳለች። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው።

የሚንቀሳቀስ ነገር ብታይ ትነሳሳለች የሚል ምክር ደርሶኛል። ሊገኙ የሚችሉት እነዚህ ናቸው፦ ከቦርከና ወንዝ ዳር ጅራታም የእንቁራሪት ልጆችና ቀንድ አውጣ፣ ከማሳ ፌንጣ፣ ከሐይቅ ትንንሽ ዓሣ። የትኛው ይሻላል? በስንት ቀን፣ ስንት? እሷንስ አይጎዷትም ወይ?

ጢጣ፦

ወንድሜ፣ የቦርከናውን ሐሳብ ከወዲሁ ጣለው። ከኮምቦልቻ በታች ያለው ቦርከና የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው ወደ ጨፋ የሚወርደው። ቀንድ አውጣውም የእንቁራሪቱ ልጅም የሚበላው እዚያ ደለል ላይ የተቀመጠውን ነው። ኤሊዋ ደግሞ እነሱን ስትበላ የሁሉንም ድርሻ አንድ ላይ ትውጣለች። ዛሬ ምንም ላይታይባት ይችላል፤ ጉዳቱ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነው።

ሌላው ለእሷ ሳይሆን ላንተው ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ያለው የውሃ ዳር በቢልሃርዚያ የታወቀ ነው። የበሽታው ትል ያደገችው ቀንድ አውጣው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥታ ውሃ ውስጥ የገባ እግር ስታገኝ ቆዳ በስታ ትገባለች። ሱሪህን ጠቅልለህ ቀንድ አውጣ ስትለቅም ራስህን ለእሷ እየሰጠሃት ነው።

የእንቁራሪቱ ልጅም ችግር አለው። ጉርጥ ቆዳዋ መርዝ ነው፤ እንቁላሏም ልጇም ያው። ጅራት ባላቸው ጊዜ የጉርጥንና የእንቁራሪትን ልጅ በዓይን ለይቼ እሰጣለሁ የሚል ሰው ካለ አትመነው። ከወራጅ ውሃ የመጣ ሣርም ሆነ እንስሳ አልቅት ይዞ ይገባል። በቅሎ ጉሮሮ ውስጥ የሚያደርገውን ታውቃለህ፤ የኤሊ አፍና የእግሯ ብብትም ለአልቅት ምቹ ነው።

ፌንጣ ከማሳ ካልክ ደግሞ የማን ማሳ እንደሆነ ጠይቅ። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጫት ላይ መድኃኒት በየጊዜው ይረጫል። በ2013 ጥቅምት አንበጣው ወሎን ሲወር የተረጨውን ማስታወስ ይበቃል፤ በወቅቱ የሞተ አንበጣ ለዶሮ እንዳይሰጥ ይባል የነበረው ለዚሁ ነው። መድኃኒት የነካው ፌንጣ ቀርፋፋ ይሆናል፣ ስለዚህ ለመያዝ የሚቀልህ ያው የተመረዘው ነው። በቀላሉ እጅህ የገባውን ፌንጣ ጠርጥረው።

ባጭሩ ምግቡን ራስህ አርባው እንጂ አታድነው።

ሐይቅ_ዳር፦

ዓሣውን በተመለከተ ልጨምር። ከሐይቅ የሚወጣው በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ነው። ሦስቱ ለኤሊ አንድ አይደሉም።

ካርፕን ተወው። ሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ ቲያሚኔዝ ይባላል። ወርቃማው የጌጥ ዓሣም የካርፕ ዘመድ ስለሆነ ያው ነው። አንድ ሁለቴ ብትበላ ምንም አትሆንም፤ ዘወትር ስትበላው ግን ቢ1 እያለቀባት ይሄዳል፤ መንቀጥቀጥና ሚዛን መሳት ይመጣል። ብዙ ሰው «ፍሪጅ አስገብቼዋለሁ» እያለ ይጽናናል። ማቀዝቀዝ ኢንዛይሙን አያጠፋውም፣ እሳት ነው የሚያጠፋው። እሳት የነካው አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ ይወጋልና ከነአጥንቱ መስጠት አትችልም። ስለዚህ ካርፕ ለሰው ይሁን።

አምባዛ የጎን ክንፎቹ ሥር ሁለት ጠንካራ እሾሆች አሉት። ሲደነግጥ ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆልፋቸዋል፤ ሲሞትም እንደተቆለፉ ሊቀሩ ይችላሉ። ጫጩቱም ቢሆን ጉሮሮዋ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀራል። እሱንም ተወው።

የሚሆነው ቆሮሶ ነው። እሱም ቢሆን የጀርባ ክንፉ ላይ ከ15 የማያንስ እሾህ፣ ከሆዱ በታች ባለው ክንፍ ደግሞ ሦስት አለው። ከ3 ሳንቲ ሜትር ካላለፈ እሾሁ ገና ለስላሳ ነው። ከዚያ ካለፈ ገድለህ፣ የጀርባውንና የሆዱን ክንፍ በመቀስ ከሥሩ ቆርጠህ ስጣት። መቀሱን ከጭራ ወደ ራስ አስኪደው፤ እሾሁ ወደ ኋላ ስለተኛ ከራስ በኩል ከጀመርክ ይንሸራተታል፣ ጣትህንም ይወጋል።

ከሐይቁ የወጣን ቆሮሶ በሕይወቱ ወስደህ ወዲያው ገንዳዋ ውስጥ አትልቀቅ። የሐይቅ ዓሣ ሆድ ሲከፈት የተጠቀለለ ክር የመሰለ ትል ማየት የተለመደ ነገር ነው። ወይ ገድለህ ዲፕ ፍሪጅ ውስጥ 7 ቀን አቆየው፣ ትሉን ቅዝቃዜ ይገድለዋል (መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል)፤ ወይ ደግሞ ለብቻው በርሜል ውስጥ 30 ቀን አቆይና የከሳውን፣ ነጭ ነጥብ ያለበትን፣ ከወለሉ ጋር የሚታሸውን አውጣ። በሽታን ለመለየት 30 ቀኑ ጥሩ ነው፤ የሆድ ትልን ግን አያጠፋም። ስለዚህ የሚሻለው ከበርሜሉ ዓሣ የሚወለዱትን ጫጩቶች መስጠት ነው። ቆሮሶ ውሃው ከ22 ዲግሪ ሲያልፍ ይራባል፤ እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች።

የደሴ_እንስሳት_ሐኪም፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ስለ ምግቡ ሲያወራ ስለ ውሃው የጠየቀ የለም። ኮምቦልቻ_01፣ እነዚህን መልስልኝ፦

የገንዳው ውሃ ሙቀት ጠዋት 1 ሰዓትና ቀን 8 ሰዓት ላይ ስንት ነው? የምትወጣበት ድንጋይ ላይስ? ፀሐይ የምታገኘው በመስታወት በኩል ነው ወይስ በቀጥታ? ዓይኗ አብጧል? አፍንጫዋ ላይ አረፋ አለ? ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች? የቅርፊቷን ዳር በአውራ ጣትህ ስትጫነው ይሰረጉዳል?

የበሬ ሥጋ ብቻ መመገብ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። በሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ ኤሊ የምትፈልገው ግን ተቃራኒውን፣ ካልሲየሙ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ምግብ ነው። ልዩነቱን ከራሷ አጥንትና ቅርፊት እየቀነሰች ትሞላዋለች። ቅርፊት የሚለሰልሰውና የሚጣመመው እንዲህ ነው። ጥሬ ሥጋ ለወሎ ሰው ጥሩ ነው፣ ለኤሊ ግን ብቻውን ምግብ አይሆንም።

ኮምቦልቻ_01፦

ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ። በሕፃን ቴርሞሜትር ሳይሆን በገንዳ ቴርሞሜትር የተለካ ነው፦ ውሃው ጠዋት 17፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ 20። ድንጋዩ ላይ 22። ፀሐይ የምትገባው በመስኮት መስታወት ነው። ዓይኗ ደህና ነው፣ አረፋ የለም፣ አታጋድልም። ቅርፊቷ ከኋላ በኩል ትንሽ ይሰረጉዳል፣ መሃሉ ጠንካራ ነው።

የደሴ_እንስሳት_ሐኪም፦

እንግዲያው መልሱ ተገኘ። ምግቡን ጠልታ ሳይሆን በርዷት ነው።

ኤሊ የራሷን ሙቀት አትሠራም። ውሃው 17 ሲሆን ሆዷም 17 ነው፤ ከ20 በታች ምግብ መፍጨቱ እየዘገየ ይሄዳል። አሁን በሕይወት ያለ ዓሣ ብትለቅባት፣ የሚሮጥ ነገር ስላየች ልትነክስና ልትውጥ ትችላለች። ያ ነው የሚያስፈራኝ። የዋጠችው ሆዷ ውስጥ ይቀመጥና ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃው እስኪሞቅ ምንም አትስጣት። ጤነኛ ኤሊ 12 ሳንቲ ላይ ሆና ሁለት ሳምንት ባትበላ አትሞትም፣ አብሽር።

ውሃውን ወደ 25 እና 26 ማምጣት ነው፤ ግን በቀን ከ2 ዲግሪ በላይ አትጨምር። ለ80 ሊትር ባለ 100 ዋት የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ ይበቃል። ሦስት ነገር ጠብቅ። ማሞቂያው መስታወት ስለሆነ በቅርፊቷ ገጭታ ትሰብረዋለች፤ ብዙ ቀዳዳ የበሳህበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባው። ውሃ ከመቀነስህ በፊት ሶኬቱን ንቀል፤ በርቶ ከውሃ ከወጣ ይሰነጠቃል። ገመዱ ደግሞ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውረድ፤ ያኔ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ መታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በሦስት ጎን በብርድ ልብስ ጠቅልልና እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ የሞላ ሁለት ሃይላንድ አንሳፍፍበት። የፈላ ውሃ አትሙላበት፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል።

ድንጋዩ ላይ 30 እስከ 32 ያስፈልጋታል። የድሮው ዓይነት የሚያሞቅ አምፖል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ብትሰቅል ይደርሳል፤ በቴርሞሜትር አረጋግጥ። ፀሐዩን ግን አምፖሉ አይተካም፣ በመስኮት የሚገባውም አይጠቅምም። ካልሲየምን ለመጠቀም የሚያስፈልጋትን ቫይታሚን ዲ3 የምትሠራበትን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ በሳፋ ግቢ አውጣት፤ ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ ይሁን፣ ትንሽ ውሃም ይኑረው። ከላይ የሽቦ ወንፊት አድርግ፤ ጭልፊት ለእሷ መጠን ያለው ነገር አይንቅም።

የቅርፊቷ መሰርጎድ የካልሲየም ነገር ነው። የእንቁላል ቅርፊት አጥበህ 10 ደቂቃ ቀቅል፣ አድርቅ፣ በሙቀጫ ውቀጥና በሻይ ማጥለያ ንፋ። ዱቄቱን በምትሰጣት ነገር ላይ በሁለት ጣት ቆንጥረህ ነስንስ። በወር ውስጥ ካልጠነከረ አምጣና ትታይ።

እሙ_ሃያት፦

ገንዳው ሲሞቅ የሚሰጠውን ልናገር። በሕይወት ካሉት ሁሉ ለጀማሪ የመሬት ትል የሚያህል የለም። አይነክስ፣ እሾህ የለው፣ አይሮጥ።

ፍግ ያረፈበት፣ ኬሚካል ያልነካው የጓሮ አፈር ቆፍራችሁ አውጡና ባረጀ ፍግ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አርቡት። ባልዲው ሥሩ የተበሳ ይሁን፤ ላዩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ትኩስ ፍግ ይሞቃልና ይገድለዋል፤ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየ ይሁን። ከብቱ በቅርቡ የትል መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነ ያን ፍግ አትንኩት። የሽንኩርትና የሎሚ ልጣጭም አይግባበት።

ለቨርሚ ኮምፖስት (በትል ለሚዘጋጅ ማዳበሪያ) የሚረባው ቀዩ ትል ግን ሌላ ነው። ሲነካ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ብዙ ኤሊ አንዴ ቀምሳ ትተፋዋለች። ከዚያ በኋላ ደህናውንም ትል መጠርጠር ትጀምራለች፣ እና ምግብ አስተማርኩ ብላችሁ ምግብ ታስጠላላችሁ።

ከመስጠታችሁ በፊት ያለው ቀን ወሳኝ ነው። ትሉ ሆዱ ሙሉ አፈር ነው። በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳኑ የተበሳ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለ24 ሰዓት አስቀምጡት። በማግስቱ ጨርቁ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ ያ አፈሩ ነው። ትሉን ወደ ብርሃን ስትይዙት መሃል ለመሃል የነበረው ጥቁር መስመር ደብዝዞ ከታየ ተዘጋጅቷል። በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ስጡ።

ኮምቦልቻ_01፦

እህቴ፣ ስንት ይሁን? ገንዳዋ ውስጥ ነው የሚጣለው?

እሙ_ሃያት፦

ገንዳዋ ውስጥ አይደለም። ለመመገቢያ ብቻ የሚሆን ሳፋ ለዩ። ውሃው ከገንዳው ጋር እኩል ሙቀት፣ ጥልቀቱ የቅርፊቷን ከፍታ ያህል። ኤሊዋ ውሃ ውስጥ ካልሆነች መዋጥ አትችልም፣ ስለዚህ ደረቅ ሳህን ላይ አይሰጥም። አስገብታችሁ 5 ደቂቃ ተዉዋት፣ ትረጋጋ። ከዚያ በረጅም ወረንጦ አንድ ትል ይዛችሁ ከፊቷ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። በጣት አይሰጥም፤ ጣት ትል እንዳልሆነ አታውቅም፣ እንደዚያ የለመደች ኤሊ ደግሞ የሚያጥባትን እጅ ሁሉ ትነክሳለች።

መጠኑ፦ ማንኛውም ነገር በዓይኖቿ መሃል ካለው ስፋት አይወፍር። የአንድ ቀኑ ሁሉ ተጠቅልሎ ጭንቅላቷን ያህል ቢሆን ይበቃል። ለ12 ሳንቲ ኤሊ 3 ወይም 4 ባለ 5 ሳንቲ ትል፣ ወይም 5 ፌንጣ፣ ወይም 2 የቆሮሶ ጫጩት። «ወይም» ነው ያልኩት። መጀመሪያው ቀን ግን ዘጠኝ ቀን የተራበ ሆድ ነውና አንድ ትል ብቻ፤ በሁለተኛው ቀን ኩሷን ካያችሁ ቀጥሉ።

በ20 ደቂቃ ያልተበላውን አውጡ፣ ቁጠሩም። አምስት ገብቶ አራት ከተበላ አንዱ የት ነው? ሳፋው ውስጥ ካልሆነ ከእሷ ጋር ወደ ገንዳው ተመልሷል ማለት ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ሞቶ ውሃውን በሁለት ቀን ያገማዋል።

በሕይወት ያለው ነገር በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ይህቺ ዓይነት በልጅነቷ ሥጋ በል ናት፣ እያደገች ስትሄድ ግን ወደ ቅጠል ታዘነብላለች። ሰላጣ፣ የሐበሻ ጎመን እያፈራረቃችሁ፣ ካሮት ተፍቆ በየቀኑ። ቆስጣ አታብዙ፣ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይይዘዋል። እንጀራና ዳቦ አይሰጥም።

ጢጣ፦

ፌንጣ ለማርባት ለሚፈልግ፦ ማታ ማታ የምትጮኸዋን ዓይነት ያዙ፣ ቤት ውስጥ የምትራባው እሷ ናት። 40 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ክዳኑ ሰፊ ሆኖ ተቆርጦ የሽቦ ወንፊት ይለጠፍበት። አጎበር እየበሉ ይወጣሉ፣ አይሆንም። ውስጡ የእንቁላል ካርቶን ቆሞ ይደርደር። ምግባቸው ፍሩሽካና የዶሮ መኖ፣ ለውሃ የካሮት ቁራጭ፤ በሳህን ውሃ ካስቀመጥክ ይሰጥማሉ። እንቁላል የሚጥሉበት 3 ሳንቲ ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር በጣሳ። ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ላይ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይፈለፈላል። ደሴ ላይ አምፖል ከሌለ አይሆንም፣ ኮምቦልቻ በበጋ ወሩ ቀን ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ግን ማገዝ ነው።

ከመስጠትህ 24 ሰዓት በፊት ጎመንና የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት አብላው። ሆዱ የሞላ ፌንጣ ነው ምግብ የሚባለው፣ የተራበው ልጣጭ ብቻ ነው። የኋላ እግሮቹን ከጉልበቱ በታች ቆንጥረህ ጣል፤ እዚያ ያሉት እሾሆች አፍ ይቧጥጣሉ። ድንጋዩ ላይ ወጥቶ የተረፈ ፌንጣ ደግሞ ሌሊት የተኛች ኤሊን የዓይን ሽፋን ሊነክስ ይችላል፤ እሙ ሃያት ቁጠሩ ያለችው ለዚህም ነው።

ሐይቅ_ዳር፦

አንድ ነገር ተረሳ። ማሞቂያው፣ በርሜሉ፣ ትሉ በዛብኝ ብሎ ኤሊዋን ሐይቅ ወይም ቦርከና ወስዶ የሚለቅ ሰው እንዳይኖር። ይህቺ ቀይ መስመር ያላት ኤሊ በዓለም ላይ እጅግ ከከፉት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ያለች ናት። በተቃራኒው አገጯ ሥር ሁለት አጫጭር ጢም መሳይ ነገር ያላት፣ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጎን የምታጥፍ ኤሊ ካገኛችሁ ያቺ የአገራችን ናት። የዱር እንስሳ ስለሆነች ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል፤ ካገኛችሁበት ቦታ መልሷት።

የደሴ_እንስሳት_ሐኪም፦

ስለ ሳፋው አንድ ማሳሰቢያ። ጤነኛ ኤሊም ሳልሞኔላ ይዛ ትኖራለች፣ አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊቷ ከ10 ሳንቲ ያነሰ ኤሊ እንዳይሸጥ የከለከለችው ሕፃናት በዚህ እየታመሙ ነው። ስለዚህ ሳፋው ላይ ምልክት አድርግበት፣ ለልብስም ለዕቃም አይዋስ። የሳፋው ውሃ የሚደፋው ዕቃ በሚታጠብበት ሳይሆን ሽንት ቤት ወይም የአበባ ሥር ነው። ሳፋው በሳሙና ከታጠበ በኋላ በበረኪና ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዘፍና በደንብ ይለቅለቅ። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ቤት ካለ ማየት እንጂ መንካት የለም።

ኮምቦልቻ_01፦

ጀዛኩሙላህ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማሞቂያው ከገባ አምስት ቀን ሆነው። ውሃው ዛሬ ጠዋት 25፣ ድንጋዩ 31። ትላንት አንድ ትል በወረንጦ ቀርቦላት ከሁለተኛው ማንቀሳቀስ በኋላ በላችው። ዛሬ ገንዳው ወለል ላይ አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ኩስ አለ፣ የትሉ ነው ወይስ የድሮው ሥጋ?

የደሴ_እንስሳት_ሐኪም፦

በአንድ ቀን ትሉ አልደረሰም፣ የቀድሞው ነው፤ አረንጓዴው ሰላጣ ነው። ሆዷ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው። ነገ ሁለት ትል፣ ከእንቁላል ቅርፊቱ ዱቄት ጋር። ዱቄቱ ውሃ ሲነካ ስለሚታጠብ ትሉን መጀመሪያ በሻሽ አድርቀህ ነስንስበትና ወዲያው አቅርብላት።